ለአሪፋ የሚሆን ሰፈር

ጅዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017

ለእትዬ ኡሙሰልማ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሐይቁ ሁሉ አማን ነው? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ አለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ግን ታውቂዋለሽ፣ በስልክ ሁለታችንም «ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ» ካልን በኋላ ቃል ያልቅብናል። በጽሑፍ ይሻላል። እንደ ወትሮው ፎቶ አንስቼ ወደ ባለሱቁ ወደ ሐቢብ ስልክ እልከዋለሁ፤ ሱቁ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አሥራ ስምንት ዓመት ያስታመምኳት አሮጊት ባለፈው ወር አረፈች፣ አላህ ይዘንላት። ልጆቿ ቤቱን ሊሸጡት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚያበቃው በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ የሚያሳድስልኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ባድር እስር ቤት ነው። ስለዚህ አገሬ ልገባ ነው፣ እትዬ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ፣ ሁለት ሻንጣ ይዤ።

ደሴ ለመኖር አስቤያለሁ። ከተማውን የማውቀው በሆስፒታል መስኮት ብቻ ነው። ሂጂና ሰፈር ምረጪልኝ። ሰው ሰፈር ሲመርጥ የልጆቹን ትምህርት ቤት አይቶ ነው፤ እኔ ምን አይቼ እንደምመርጥ አላውቅም። የማውቀው የማልፈልገውን ነው። የማን ልጅ ነሽ፣ ለምን አልወለድሽም የሚል ጎረቤት አልፈልግም። ቅሬም ሆነ ሌላ እድር አልፈልግም። ሲታመሙ በቃሬዛ ይሸከማል፣ ሲሞቱ ይቀብራል ይሉታል፤ ለእኔ ያደረገውን እናውቃለን። በር ዘግቼ የምቀመጥበት ይሁን።

አምባሰል ወደ ቀዬሽ ተመለሺ እንዳትይኝ።

ዱዓሽ አይለየኝ።
አሪፋ


ሐይቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ለልጄ ለአሪፋ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ፣ እግርሽን ከእንቅፋት ያውጣው። እኔ ደኅና ነኝ። አጎትሽ እንድሪስ በሕይወት ቢኖር እሱ ነበር የሚዞርልሽ። አሁን ያለሁት እኔ ሚስቱ ነኝ፤ ደሴን የማውቀው ገበያውን ብቻ ነው። ቢሆንም ያሳደግሁሽ ልጅ ነሽና በሚኒባስ እየተመላለስኩ ሦስት ቀን ዞርኩ።

ሸዋ በር መስጊዱም ገበያውም ቅርብ ነው፤ ጨው ቢያልቅብሽ ምድጃሽ ሳይበርድ ገዝተሽ ትመለሻለሽ። ግን ያየሁት ቤት ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤት ሲያነጥስ «የርሐሙከላህ» የምትይው ከአልጋሽ ሳትወርጂ ነው። አንቺ ይህን አትወጂም።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያገኘኋት አከራይ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ፦

«ስንት ልጅ አላት?» አለችኝ።

«የላትም።»

«ባልስ?»

«የላትም።»

«ታዲያ ሁለት ክፍል ምን ያደርግላታል? በአንዱ ተኝታ በአንዱ ራሷን ልትጠይቅ ነው?»

ሳቀች። እኔም እንዳይከፋት ብዬ ሳቅሁ፤ መንገድ ላይ ስደርስ ግን በራሴ አፈርኩ።

ሆጤ ደግሞ ሽማግሌ አከራይ አገኘሁ። «ልጅ የላትም» ስለው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ማሻአላህ! ግድግዳ ላይ የሚጽፍ የለም፣ ሽንት ቤት የሚደፍን የለም። ዱዓ አድርጌ ያጣኋት ተከራይ እሷ ናት!» ቤቱ ጥሩ ነው፣ ጓሮ አለው። ልያዘው ስል ጠራኝና፦ «ግን እታለም፣ ብትታመም ማን ያነሳታል? እኔ ወገቤን ያመኛል» አለኝ። እንደማስብበት ነግሬው ወጣሁ።

ቅሬ አልፈልግም ያልሽውን ደግመሽ አስቢው፣ ልጄ። ከዚህ በላይ አልልም።

አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ።
ኡሙሰልማ


ጅዳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017

ለእትዬ ኡሙሰልማ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ድካምሽ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። የሽማግሌውን ነገር ለጓደኞቼ አንብቤላቸው ሲስቁ አመሹ።

እትዬ፣ ሦስት ሰፈር ጻፍሽልኝ። አራተኛውን አልጻፍሽልኝም። አንቺ ሐይቅ ላይ ቤት አለሽ፣ ብቻሽን ነሽ፣ እንደ እኔው ልጅ የለሽም። «ነይ እኔ ጋ» ትያለሽ ብዬ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። የለም። ቅሬታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። መካን ከመካን ጋር ተጠጋች እንዳይሉ ነው? ወይስ ሌላ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?

ካልሆነም አይከፋኝም። ከከተማው ዳር አዲስ ፎቅ ቤቶች አሉ ይላሉ፤ ማንም ማንን አያውቅም አሉኝ። እሱን ሄደሽ እዪልኝ። ቶሎ በይ፣ በአላህ። የሟች ልጆች ትናንት እኔ ተቀምጬ ክፍሌን በሜትር ለኩት።

አሪፋ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

ለልጄ ለአሪፋ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብሽን ያስፋው። ስለ እኔ ቤት የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም፤ እመለስበታለሁ።

ፎቁን ለማየት ሰኞ ሄድኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ ውሃውም አይጠፋም አሉኝ። ማንም ማንን አይጠይቅም። ያልሽው ሁሉ አለ። ልወርድ ስል ደረጃው ላይ ጀናዛ አገኘሁ። አራት ወንዶች በብርድ ልብስ ይዘው ያወርዳሉ። ሁለቱ ከታች ካለው ግንባታ ተለምነው የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሲሚንቶው ከእጃቸው አልተራገፈም። የሞተችው ሴት ናት። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠይቃል፦

«ስሟን የምታውቁ አላችሁ?»

«አንተ አይደለህም እንዴ ዘበኛው?» አለው አንዱ።

«እኔ ‹ሦስተኛ ፎቅ› ነው የምላት። እሷም ‹ዘበኛው› ነው የምትለኝ። አራት ዓመት ተስማምተን ኖረናል።»

እኔንም ጠየቀኝ። እንግዳ ነኝ አልኩት። «እንግዳም ብትሆኝ ሴት ነሽ፣ እስከ መንገዱ ሸኚያት። ብቻዋን አትሂድ» አለኝ።

ሸኘኋት። ከኋላዋ የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዱዓ ሳደርግላት «ባሪያህን እገሊትን» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ቆመ።

አሪፋ፣ ቤቱን አልያዝኩልሽም።

ኡሙሰልማ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017

እትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ስሜን የማያውቅ ሰው ቢተወኝ አያቃጥለኝም። ስሜን የሚያውቁትስ ምን አደረጉኝ? የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። በኩሬን ልወልድ አምባሰል እናንተ ቤት መጥቼ ሦስት ቀን ሳምጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ቅሬውን ለመንሽ፤ «እንድሪስ ከቅሬ የተለየ፣ የተገለለ ሰው ነው፣ ደጁን አንረግጥም» አሉሽ። በመጨረሻ አጎቴ ከገበያ የሚመለሱ መንገደኞች ለምኖ አሸከመኝ። ልጄም ማኅፀኔም በዚያ ሦስት ቀን ሄዱ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሆስፒታል ነቅቼ መጀመሪያ የሰማሁት ያንቺን ቃል ነው፤ እስከ ዛሬም በዚያ ቃል ኖሬያለሁ። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሰዎች ሲሞቱ ሰምቼ አላለቀስኩም። ለአንዳቸውም ቤት የማጽናኛ ቃል አልላክሁም።

ስለዚህ ፎቁን ያዢልኝ። የሟቿ ክፍል ተለቅቆ ከሆነ እሱኑ ያዢልኝ። ጊዜ የለኝም።

አሪፋ


ሐይቅ፣ ጥር 25 ቀን 2017

ለአሪፋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ፎቶ ያነሳው ሐቢብ አይደለም። ያገለገለ ስልክ ገዛሁና ራሴ አነሳሁት፤ ፊደሉ ተንሻፎ ቢሆን አቃንተሽ አንብቢው።

ቅሬውን አልለመንኩም።

እንድሪስ ከቅሬ መለየቱ እውነት ነው። አንድ ድኻ ሲቀበር እሱ ገበያ ውሎ ተገኘ። «አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ» ቢል በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ ለእነሱ አልጎነበስም አለ። ከዚያ ወዲህ እሳት እንኳ የሚያጭረን ጎረቤት አልነበረም። አንቺ ለመውለድ የመጣሽው በዚያ ክፉ ወር ነው። ምጡ ሲጠና «ልጥራቸው» አልኩት። «ሴት ሁሉ ይወልዳል፣ እኔን ለማዋረድ ምክንያት አትፈልጊ» አለኝ።

እሱ ነው የከለከለኝ ብዬ እዚህ ላይ ላቁም ብል እችላለሁ። ሞቷል፣ አይመልስልኝም። ግን በሁለተኛው ቀን እንድሪስ ገበያ ሄዷል። ከማለዳ እስከ ምሽት አንቺና እኔ ብቻ ነበርን። በሩ ክፍት ነበር። ከደጃፉ ወጥቼ አንድ ጊዜ ብጮህ ቀዬው ሁሉ ይሰማ ነበር። ሦስት ጊዜ ደጃፉ ድረስ ወጣሁ፤ ሦስቴም ተመለስኩ። ጮኼ ማንም ባይመጣስ ብዬ ነው። ሰው እያየኝ እምቢ መባልን ነው የፈራሁት። ያንቺን ሞት አልነበረም የፈራሁት፤ ውርደቴን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዓይንሽ ሲገለበጥ ጮህኩ። ጩኸቴ ሳያልቅ መጡ። ከቅሬ ስለ መለየት አንድ ሰው አልተነፈሰም። ስምንት ሆነው በቃሬዛ እየተፈራረቁ፣ ያውም በሐምሌ ጭቃ፣ እስከ መኪናው መንገድ አወረዱሽ። መንገደኛ የሚባል ሰው አልነበረም። የተሸከሙሽ እነሱ ናቸው።

ስትነቂ «ለምን ዘገያችሁ?» አልሽኝ። ያን ጊዜ ነው የዋሸሁሽ። አንድ ውሸት ብቻውን አይቆምም። ሊጠይቁሽ ከአምባሰል ደሴ ድረስ ሲመጡ እውነቱ እንዳይወጣ ከሆስፒታሉ በር «ተኝታለች» እያልኩ መለስኳቸው። ባልሽ ሲፈታሽ ወደ ቀዬው አትመለሺ ያልኩሽም ለዚሁ ነው።

ቤቴ ነይ ያላልኩሽም ስለማልፈልግሽ አይደለም። ከአምባሰል ለገበያ የሚወርድ ሰው በደጄ ነው የሚያልፈው። አንዱ አንድ ቀን «ያን ቀን የተሸከምኩሽ እኔ ነኝ» ይልሻል ብዬ ፈርቼ ነው።

አፉ በይኝ አልልሽም፤ አፍ የለኝም። ብቻ ሰፈርሽን በእኔ ውሸት አትምረጪ።

ኡሙሰልማ


ሐይቅ፣ የካቲት 20 ቀን 2017

ለአሪፋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በስልኩ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል። ሐቢብን ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ «አንብባዋለች ማለት ነው» አለኝ። ያ ከሆነ ሃያ አምስት ቀን አለፈ።

ፈቃድሽ ሊያበቃ አርባ ቀን ነው የቀረው። ስደቢኝ፤ ግን የት እንደምታርፊ ንገሪኝ። ፎቁንም ያዢ ካልሽ ነገ ሄጄ እይዘዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ እምቢ የምልበት መብት የለኝም። ወይ ቤቴን ልልቀቅልሽና አንቺ ግቢበት፣ እኔ ሌላ ቦታ እከራያለሁ። ስትመጪ ፊቴን አታዪውም። በረንዳ ላይ አድራ ይሆን፣ አስረዋት ይሆን እያልኩ ነው የሚነጋው።

አንድ ቃል ላኪልኝ።

ኡሙሰልማ


ጅዳ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017

አነበብኩት።

ለእኔ የጻፍሽውን ለእነሱ ተናገሪ። በደብዳቤ አይደለም። ቅሬው ተሰብስቦ፣ አንቺ ቆመሽ። ያሉትን እንዳሉት ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው። ከተሸከሙኝ ውስጥ በሕይወት ያሉትን በስም ጻፊልኝ።

ቤት አትፈልጊ።

አሪፋ


ሐይቅ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

ለአሪፋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንዳልሽው አደረግሁ።

ዓርብ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ክርስቲያኖቹም መጥተው ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። የቅሬው ዳኛ ዛሬ አያ ኑርዬ ናቸው። «ከሐይቅ የመጣች የድሮ ሰዋችን ቃል አላት» ብለው አስነሱኝ። ዋንዛውን ይዤ ቆምኩ። የጻፍኩልሽን ሁሉ ተናገርኩ፤ ደጃፉ ድረስ ሦስት ጊዜ ወጥቼ መመለሴንም፣ እነሱ እምቢ አሉ ብዬ መዋሸቴንም።

መጀመሪያ የተነሳችው ተሻለች ናት። ያኔ ጎረቤታችን የነበረችው።

«ሃያ አራት ዓመት ምላስሽን በምን አስረሽው ኖርሽ?» አለችኝ። «ሆስፒታሉ በር ላይ እንቁላል ይዤ የመጣሁት እኔ አልነበርኩም? ‹ተኝታለች› አልሽኝ። ከአምባሰል ደሴ አንዱ ሳይሰበር ወስጄ፣ አንዱ ሳይሰበር መለስኩት። ማን በላው መሰለሽ? አንድም ሰው አልበላውም!»

ቀጥሎ አያ ሀሚዱ ተነሱ። ከቃሬዛው ፊት የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። እኔን አላዩኝም። ለሕዝቡ ነው የተናገሩት።

«እኛ ልጅቷ የተቀየመችን ወንዙ ዳር ስላቆየናት መስሎን ነበር። ሞልቶ ነበር። አብሮን የተሸከመው ይሄ ሙላት እንሻገር አለ፣ እኔ ትወሰድብናለች ብዬ ከለከልኩ። ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ድምፅዋን ስታጠፋብን እኔ ነኝ የገደልኩት ልጇን ብዬ፣ እስከ ዛሬ በዚያች ውሃ ባለፍኩ ቁጥር ...»

አልጨረሱትም። ሙላት እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። «አያ ሀሚዱ፣ እኔ እንሻገር ያልኩት ጀግና ሆኜ መሰለዎት? እጄ ዝሎ ነበር። ብንሻገር እኔው ነበርኩ የምጥላት» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አያ ሀሚዱ ግን አለቀሱ።

አሪፋ፣ የእኔ ውሸት አንቺን ብቻ ያቃጠለ ይመስለኝ ነበር። እኚህን ሰውዬ በቁማቸው ሲበላቸው እንደኖረ ያወቅሁት ዓርብ ዕለት ነው።

በሕይወት ያሉት ሀሚዱ፣ ሙላትና ባድሩ ናቸው። አምስቱ አርፈዋል።

«ቅጣቴን ንገሩኝ» አልኩ። አያ ኑርዬ፦ «ያንቺን እኛ አንፈርደውም። የነገሩ ባለቤት አለች» አሉ። ከዚያ ለአንቺ ወረቀት ተጻፈ፤ አንዱ ፈረመ፣ ሌላው በአውራ ጣቱ አተመ። ሲያነቡት የያዝኩትን እጽፍልሻለሁ፦ «አሪፋ የዚህ ቅሬ ሰው ናት። ተለይታ አታውቅም። የምትገባበት ሰፈር ቅሬ እንደ ራሱ ሰው ይቀበላት።» ወረቀቱን ልያዝላት ስል አልሰጡኝም። አያ ሀሚዱ በእጃቸው ይሰጧታል አሉ። ልክ ናቸው።

ምንም አላሳመርኩም።

ኡሙሰልማ


ደሴ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017

ለኡሙሰልማ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከገባሁ አንድ ወር ሊሆነኝ ነው።

መጀመሪያ አምባሰል ሄድኩ። መኪናው ሐይቅ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። የሐቢብን ሱቅ ሰሌዳ ከመስኮቱ አነበብኩት። ረዳቱ «እዚህ ነሽ?» ብሎ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። አይደለሁም አልኩት።

ያረፉት አምስቱ ቤት የቆየ ለቅሶ ደረስኩ። ሃያ ዓመት ያለፈው ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም ነበር፤ እዚያው ቤት ስገባ መጣልኝ። አያ ሀሚዱ ወንዙን አሳዩኝ። አሁን በጋ ነውና ሕፃን የሚዘላት ውሃ ናት። አፉ በሉኝ አልኳቸው። እሳቸውም አፉ በይኝ አሉኝ። ለእሳቸው «አፉ ብያለሁ» ማለት ቀለለኝ፣ አልኩት። ለአንቺ ግን ቃሉ አፌ ላይ አልመጣም። ሞክሬዋለሁ።

እዚሁ ቅሪ ብለውኝ ነበር። ሰርክ እንደ በሽተኛ መታየት አልቻልኩም፤ ደሴ ተመለስኩ። ሰፈር የመረጥኩት ቤት አይቼ አይደለም። ጥላ ይዤ አራት ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። በአንደኛው ሰፈር የሞተችው ልጅ ያልነበራት ሴት ናት። ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ ውጭ ቆሟል፤ ጎረቤቶቿ ሽንኩርት እየላጡ «ስሙኒ ስጪኝ ስትያት ሦስት ቀን ታስለምንሽ ነበር፣ አላህ ይማራትና!» እያሉ ያሟታል። እንደዚያ የሚያማት ሰው የሚያውቃት ነው። እዚያው ሰፈር ቤት ጠየቅሁ።

የቅሬው ጸሐፊ እየሩስ የምትባል ሴት ናት። የአምባሰሉን ወረቀት አንብባ መዝገቡን ከፈተች። ባል? የለም። ልጅ? የለም። «ስትሞቺ ለማን እንንገር?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ሌላ ስም ፈለግሁ፤ ወላሂ ፈለግሁ። አጣሁ።

ያንቺን ስም ሰጠኋት። «ምንሽ ናት?» አለችኝ። «ያሳደገችኝ» አልኩ።

አንቺም ለሐይቅ ቅሬሽ የእኔን ስም አስጽፊ። ሲነግሩኝ እመጣለሁ፤ ማንም ሳይቀድመኝ እመጣለሁ። በሕይወት ሳለሽ መምጣት እችል እንደሆነ ግን ገና አላውቅም። ከጻፍሽልኝ ሰፈሮች አንዱ ይሁን አይሁን አልነግርሽም። አትፈልጊው።

አሪፋ